የልጄ ሁለት የፊት ጥርሶች

ልጄ ቆሎ መብላት ያቆመችው አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ሲቀራት ነው። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። እኔ ሞላሌ ከተማ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከአባቴ ጋር ነው የምንኖረው። አባቴ የደብራችን ቄስ ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸውና ልጄን አንድ ሳህን የገብስ ቆሎ መሐላቸው አድርገው አገኛቸዋለሁ፤ እየቆረጠሙ የቀኑን ወሬ ይለዋወጣሉ። ያን ሰሞን ግን ቆሎው በአባባ በኩል ብቻ እየጎደለ ሄደ።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ቆሎ ጠላሽ?» አሏት አንድ ቀን።

«ጠግቤ ነው፣ አባባ» አለች፣ አፏን በመዳፏ ከልላ።

አፍን በመዳፍ መከለል በቤታችን አዲስ ነገር አልነበረም። እኔ ገጣጣ ነኝ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ከንፈሬን ገፍተው ወጥተዋል። ስስቅ እጄ ሳላዘው አፌ ላይ ይሄዳል፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እንኳ አልተወኝም። ልጄ ዓይኗን ከአባቷ ወሰደች፣ ጥርሷን ከእኔ። የእሷ እንዲያውም መሐሉ ሰፊ ክፍተት አለው። ፍንጭት ለብቻው ሲሆን ውበት ነው፤ ከገጣጣ ጋር ሲመጣ ግን ልጆች አይምሩም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በክረምቱ ስልክ ይዛ መጥታ ጥርሷ ላይ ሽቦ የታሰረላት የከተማ ልጅ አሳይታኝ ነበር።

«እማዬ፣ ለእኔም እንዲህ ይደረግልኝ።»

«ጤነኛ ጥርስ ምን ተብሎ ይነካል? እግዜር የሰጠሽን ተቀበይ» አልኳት።

እውነቱን ለመናገር እንቢ ያሰኘኝ እግዜር አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። በልጅነቴ እናቴ ገበያ መሐል በጉጠት ጥርሷን ስታስነቅል አጠገቧ ቆሜ ነበር። ፊቷ አብጦ ሁለት ሳምንት አቃሰተች። ከዚያ ወዲህ ጥርስና ብረት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነሱ ወሬ እቀይራለሁ። ልጄ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? እሷ የሰማችው «ተቀበይ» የሚለውን ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። ገመጠችና ጮኸች። ቁራሹ ከእጇ ወደቀ፤ ጥርሷ ያረፈበት ላይ ደም ነበረበት። እጇን ይዤ ወደ በሩ፣ ፀሐይ ወዳለበት ወሰድኳት።

«ክፈቺ።»

«ደህና ነኝ፣ እማዬ።»

«ክፈቺ አልኩሽ!»

ከፈተች። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች በላይ ያለው ድድ ቀልቶና ተነፍቶ ያብረቀርቃል። ጥርሶቹ ከጎናቸው ካሉት ይልቅ ረዝመው ወደ ታች ወርደዋል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ክፍተቱ የለም። ያ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዘግቶ ሁለቱ ጥርሶች ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፈዋል። በጣቴ አንዱን ነካ አደረግኩት። ተንቀሳቀሰ። ሌላውን ነካሁት፤ እሱም ተንቀሳቀሰ። የፊት የወተት ጥርሶቿን የጨረሰችው በስምንት ዓመቷ ነው። እነዚህ ከወደቁ የሚተካቸው እንደሌለ አውቃለሁ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያው በባትሪ አይቶ ወድቃ እንደሆነ ጠየቃት። «አልወደቅኩም» አለች። ተመትታም አልነበረም። መድኃኒት ጻፈላትና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰባት ቀን ትውሰድ። ካልተሻላት ደብረ ብርሃን ይውሰዷትና ፎቶ ትነሣ። አንዳንዴ ከመንጋጋ አጥንት የሚነሣ እብጠት ጥርስን እንዲህ ይገፋል።»

«እብጠት» ነው ያለው። እኔ የሰማሁት ነቀርሳ ነው።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ጎረቤቴ ልታጽናናኝ መጥታ በመንጋጋ ነቀርሳ ስለሞተ ዘመዷ አውርታልኝ ሄደች። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪዬ የወለቀ ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ሊያሳየኝ መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ጠዋት ጠዋት ልጄን አፍሽን ክፈቺ እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ጥርሶቹ የወረዱ ይመስለኛል። በአምስተኛው ቀን ከድዷ መግል ወጣ። እሷ ግን አታለቅስም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ሕመም ነው ብዬ ተረጎምኩት።

አባባ ጠበል አመጡላት፣ ጸሎት ደገሙላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰባተኛውን ቀን አትጠብቂ፤ ነገ ተነሺ» አሉኝ። «ጠበሉን በመንገድ ትጠጣለች። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው።»

በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ እያዘገመ ነበር። ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ አፏን በነጠላዬ ጫፍ ይዛ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ደግሞ በተንገጫገጨ ቁጥር ጥርሶቹ እጇ ላይ የሚቀሩ ይመስለኛል።

የደብረ ብርሃኑ የጥርስ ሐኪም ወጣት ነው። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው።

«ይመልከቱ፣ እናት» አለኝ በመጨረሻ። «ይህ አጥንት ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የተበላው በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ብቻ ነው፤ ያውም ልክ እንደ ቀለበት። እንዲህ ያለ በሽታ እኔ አላውቅም።» ወደ ልጄ ዞረ። «ጥርስሽ ላይ ያሰርሽው ነገር ነበር?»

ልጄ ራሷን ነቀነቀች፣ የለም በማለት። እኔን አየችኝና አንገቷን ደፋች።

«እናት፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን?» አለኝ። ነርሷ አብራት ቀረች።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የግድግዳውን ስንጥቅ ስቆጥር፣ ልጄ ለእኔ የማትነግረውን ለማያውቃት ሰው እንድትነግር ነው የወጣሁት የሚለው ሐሳብ ገና አልመጣልኝም። የማስበው ነቀርሳ መሆኑን ሊነግራት ነው፣ ወይም ለእኔ እንዴት እንደሚነግረኝ እየመከሩ ነው ብቻ ነበር። በሩ ተከፈተ።

«ነቀርሳ አይደለም፤ ይግቡ» አለኝ። «ላስቲክ ነው።»

አልገባኝም። ልጄ እያለቀሰች ነበር፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የሹሩባ ላስቲክ ነው፣ እማዬ። ትንሿ። ስልክ ላይ አንዲት ልጅ በቤቷ ጥርሷን ስታስተካክል አይቼ… ሁለቱን ጥርሶች አንድ ላይ አሰርኳቸው። በሦስት ቀን ክፍተቱ መጥበብ ጀመረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሣ ላስቲኳ የለችም። የዋጥኳት መሰለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እርሳስ አነሣ፤ ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ ያዘው። «የጥርስ ሥር እንደ ችካል ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ እየቀጠነ ይሄዳል። ላስቲክ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ቀጠነው በኩል ይንሸራተታል። ድዷ ሥር ገብታ አጥንቱን እየበላች ወደ ሥሩ ጫፍ እየወጣች ነው። በፎቶ ላስቲክ አይታይም፤ ለዚህ ነው መጠየቅ የነበረብኝ። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ሁለቱም ወደ እጇ ይመጡ ነበር።»

ማደንዘዣ ወጋት። እኔ እግሯን ይዤ ጥግ ቆምኩ። ድዷን ከፍቶ በቀጭን መሣሪያ ሲፈልግ የብረቱን ድምፅ ጥርሴ ውስጥ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ ደም የለበሰች ጥቁር ቀለበት ጨርቅ ላይ አኖረ። እፎይ ልል አፌን ስከፍት ልጄ እጇን አነሣች። አፏ ደንዝዟል፣ መናገር አትችልም። ሁለት ጣቷን አሳየች።

«ሁለት ናቸው?» አለ ሐኪሙ።

አዎ በማለት ራሷን ነቀነቀች። የመጀመሪያዋ ስትጠፋባት ሌላ አስራ ነበር።

ሁለተኛዋን ለማግኘት የፈጀው ጊዜ ከመጀመሪያዋ ይበልጣል። ከላይ፣ ከሥሩ ጫፍ አጠገብ ነው ያገኛት። ድዱን ሰፋ፤ ከዚያ ሁለቱን ጥርሶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በቀጭን ሽቦና በማጣበቂያ አያያዛቸው። እኔ ክረምቱን ሙሉ የከለከልኳት ሽቦ በዚህ መንገድ አፏ ውስጥ ገባ።

«ይተርፋሉ?» አልኩት።

«ቃል አልገባልዎትም» አለኝ። ስላልዋሸኝ አመስግነዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት።

ስድስት ሳምንት በሶ፣ ገንፎና አጥሚት ነበር ምግቧ። ሲመሽ ጉንጯን ደባብሼ፣ ሲነጋ ጥርሷን አይቼ። የግራው እየጠነከረ መጣ። የቀኙ አመድ መሰለ፤ ሥሩ ሞቷል ተባለና ውስጡን አጽድተው ሞሉት። ግን ቆመ። ሁለቱም ቆሙ። በየሦስት ወሩ ፎቶ እየተነሣች አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ወረቀት ጽፎ ጥርስ ወደሚያስተካክል ባለሙያ፣ አዲስ አበባ ላከን። «አሁን በትክክለኛው መንገድ ይሠራላት» አለ።

ያኔ ደግሞ ፍርሃቴ እንደ አዲስ ተነሣ። ተርፈው የቆሙትን ጥርሶች መልሶ መነቅነቅ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? አዲስ አበባ ስንደርስ ይህንኑ ለሐኪሟ ነገርኳቸው። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው።

«ልክ ነሽ፣ ያስፈራል» አሉኝ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥርስ ከቦታው ሲሄድ ከፊቱ ያለው አጥንት ቀስ ብሎ ይሟሟል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ላስቲኩ ጊዜ አልሰጠውም። እኛ በትንሽ በትንሹ ነው የምንገፋው፤ በየወሩ እያየን።»

ጠረጴዛቸው ላይ የጄሶ መንጋጋዎች ነበሩ። ልጄ አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። አንዱ ላይ ትንንሽ ብረቶች ተለጥፈው በመሐላቸው ሽቦ አልፏል። ሌላው ያው ነው፤ በብረቶቹ ፋንታ የተለጠፈው ግን የጥርስ ቀለም አለው፤ ብዙም አይታይም፣ ግን ቶሎ ይሰበራል አሉ። ሦስተኛው ጥርሱ ላይ የሚጠለቅ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው።

«ይኼኛው ሲበሉ ይወልቃል» አሉ። «ሌላውን ሰዓት ሁሉ ካልተደረገ ግን ትርፉ ልፋት ነው። ለእሷ ብረቱን እመርጣለሁ፤ በሁለቱ ጥርሶች ላይ ያለውን ኃይል እኔ እንድቆጣጠረው።»

«ዘግይታለች?» አልኩ። ክረምት ላይ ስትጠይቀኝ ያልኳት ትዝ ብሎኝ።

«ትንንሾቹ የወተት ጥርሳቸው ሳያልቅ ቢታዩ ጥሩ ነው፤ መንጋጋቸው ገና ስለሚያድግ አንዳንዱን በሚወልቅ ነገር እናርመዋለን። የእሷም ገና እያደገ ነው። አልዘገየችም።» ፎቶዋን ወደ እኔ አዙረው ቀጠሉ። «ጥርሷ ቀድሞ ተጎድቷል፤ ስናንቀሳቅሰው ሥሩ ሊያጥር ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ልናጣ እንችላለን። እንዲሁ ብንተወው ደግሞ ወደ ፊት ስለወጡ፣ ብትወድቅ ቀድመው የሚመቱት እነሱ ናቸው።»

እኔ «እንተወው» ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄን አየኋት። እሷም ፈርታለች፤ ጄሶውን በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች።

«ቀስ ብለው ከሆነ ይሠራልኝ» አለች። ቀና ብላ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች።

ፈረምኩ። ፊርማዬ የእኔን አይመስልም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ጥርሷ በሙሉ ስላመማት ድዷ እንደገና ያበጠ መሰለኝ፤ ጉንጯ በብረቱ ተፋቀ። ቆሎ፣ ሥጋ ከአጥንት መጋጥ፣ ማስቲካ፣ ሁሉም ተከለከለ። ከምግብ በኋላ በየብረቱ ዙሪያ ስትቦርሽ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ካልቦረሸች ብረቱ ሲወልቅ ጥርሱ ላይ ነጭ ነጥብ ይቀራል ብለዋታል።

ፍልሰታ ሲደርስ ያላሰብነው ነገር መጣ። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ፍልሰታን ሳትቆርብ አሳልፋ አታውቅም። በዋዜማው አባባ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ዘንድሮ አልቆርብም።»

«ምነው፣ ልጄ?»

«ሥጋ ወደሙ ሽቦው ላይ ቢቀርስ?»

አባባ ፊት ላይ የልጄን ፍርሃት አየሁት። መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄደው ተማክረው ነው የተመለሱት።

«ስሚኝ» አሏት። «ዛሬ ሽቦሽን አንድም ሳታስቀሪ ታጸጃለሽ። ከተቀበልሽ በኋላ የሚሰጠውን ጠበል ዝም ብለሽ አትዋጪ፤ አፍሽ ውስጥ፣ በሽቦሽ መሐል እያዞርሽ ትጠጫለሽ። ደግመሽ ደግሞ። አንዲት ጠብታ አትተፊም። እኔ ራሴ ነኝ የማጠጣሽ።»

በማግስቱ ከሴቶች በኩል ቆሜ አየኋት። ተቀበለች፣ አፏን ሸፍና ወደ አባባ ሄደች። ሦስት ጊዜ አጠጧት። አንዲት ጠብታ እንዳትወድቅ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

ከዚያ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ መጣ። የወሩ ቀጠሮ አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ። አንድ ጠዋት ልጄ ጉንጯን ይዛ መጣች፤ ከኋላ በኩል ሽቦው ተስቦ ወጥቶ ሥጋዋን እየወጋ ነው። ምራቋ ደም ነበር። ስልክ ብሞክር ኔትወርክ የለም። በጥፍር መቁረጫ ልቁረጠው ወይ ብዬ አሰብኩ፤ ቁራጩን ብትውጠውስ? ሁለቱን ቀን ጉንጯ ላይ ጥጥ አድርጋ ዋለች። እኔ የማየው ግን ጉንጯን አይደለም፤ ማንም ሳይቆጣጠረው በሁለቱ ጥርሶች ላይ እየሠራ ያለውን ኃይል ነው። የላስቲኩ ታሪክ ሊደገም ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን በእኔ ፊርማ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሠራ።

«የሰጠኋችሁ ሰም አለ?» አሉኝ ሐኪሟ።

«አልቋል።»

«ንጹሕ የንብ ሰምስ?»

«አባቴ ጋ ጧፍ አለ።»

«ክር የሌለበትን ትንሽ ቆርሰሽ፣ በእጅሽ አሙቀሽ፣ የምስር ፍሬ አሳክለሽ ጫፉ ላይ ለጥፊው። አትቁረጪው። ሽቦው ደግሞ ጉልበቱን ጨርሷል፣ ለጊዜው ምንም አያደርግም። አትፍሪ።»

አባባ ሰሙን በመዳፋቸው አሙቀው ሰጡኝ። እጄን ልጄ አፍ ውስጥ አስገብቼ ለጠፍኩት። መወጋቱ ቆመ። «አትፍሪ» የሚለው ግን እስከ መንገዱ መከፈት አልሠራልኝም።

ብረቱ የወለቀላት ከታሰረላት ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። የመጨረሻው ፎቶ ላይ የሁለቱ ጥርሶች ሥር ትንሽ አጥሯል፣ ግን አጥንቱ ይዟቸዋል። የቀኙ አሁንም ጠቆር ይላል፤ ስትስቅ ይታያል፣ እሷም ትስቃለች። ጥርስ ወደ ጥንት ቦታው መመለስ ስለሚወድ ማታ ማታ የሚደረግ መያዣ ሰጧት። በየስድስት ወሩ እናሳያለን። ዳቦ ስትገምጥ አሁንም ዓይኔን ከእሷ መንቀል አልችልም፤ «እማዬ፣ አትዪኝ» ትለኛለች።

ያን ቀን መያዣውን ካስለኩላት በኋላ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ?»

«እኔ? በዚህ ዕድሜ?»

«ዕድሜ አይከለክልም። አጥንትሽ ስለደረቀ ይዘገያል እንጂ ጥርስ ይሄዳል። ድድ ግን ጤነኛ መሆን አለበት። ነይ፣ ቁጭ በይ።»

አዩኝ። ድዴ ሲነካ ደማ፤ ለዓመታት የተጋገረ ነገር አለበት፤ በዚህ ላይ ሽቦ ማሰር ጉዳት ነው አሉ። መጀመሪያ ይጽዳ፣ ይዳን፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ደብረ ብርሃን፣ ያው ወጣት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። በቀኑ ለብቻዬ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ፤ መብራቱ ፊቴ ላይ ወረደ።

«ይክፈቱ፣ እናት» አለኝ።

አፌ አልከፈት አለ። ልከፍት እየፈለግኩ መንጋጋዬ ተቆልፎ ቀረ፤ የወንበሩን ክንድ ይዤ ጣቶቼ ነጡ። ሐኪሙ መሣሪያውን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ሰዓት አለን» አለ። «ሲሆንልዎት።»

ብዙ ቆየን። ከዚያ ከፈትኩ።